ሃዎና የሰማታር ፍየል

ባሏ ሰማታር ሲሞት ሃዎ አላለቀሰችም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች፣ ድንጋጤው ሲለቃት ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ፤ እንባው አልመጣም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለው ቤቷ ደጃፍ ትቀመጣለች፤ ሲያናግሯት ትመልሳለች፤ ሲሄዱ እዚያው ተቀምጣ ትቀራለች። ሰማታር ትቶላት ያለፈው አንዲት የምትታለብ ፍየል ነበረች።

ፍየሏ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ስትዞር ውላ ያገኘችውን ትበላለች፤ የሐብሐብ ልጣጭ፣ ካርቶን፣ የምግብ ፍርፋሪ የቀረበት ፌስታል። አንድ ቀን መብላት አቆመች። ማመስኳቷም ቀረ፤ ግራ ጎኗ ተነፋ። ሃዎ አየቻት እንጂ አልተነሳችም። የእንስሳት ሐኪም የጠራችው ጎረቤቷ ናስራ ናት።

ሐኪሙ ቀመር የፍየሏን ጎን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ሃዎን እንደ አክስቱ «ኤዶ» ይላታል።

«ኤዶ ሃዎ፣ ፌስታል ውጣለች። ፌስታል አይፈጭም፣ ወደ ታችም አይወርድም። ካልከፈትኳት ትሞትብሻለች።»

«ክፈታት» አለች ሃዎ።

ጎኗን አደንዝዞ ቀደደና የተጠቀለለ ፌስታል እየጎተተ አወጣ። ሽታው ናስራን ከግቢ አስወጣት። ሃዎ የፍየሏን ራስ ጭኗ ላይ እንደያዘች ቆየች።

ቀመር ሰፍቶ ሲጨርስ እጁን እየታጠበ እንዲህ አለ፦ «ሣሩን የምታብላላው ብቻዋን አይደለም። ጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ሥራው የነሱ ነው። ስትራብ እነሱም አልቀዋል። ከጤነኛ ፍየል መዋስ አለብን።»

ናስራ ሥጋ ቤት ሄዳ፣ ገና ከታረደ ፍየል ጨጓራ የተጨመቀ ሞቅ ያለ አረንጓዴ ውሃ በጆግ ይዛ መጣች። በጠርሙስ ጋቷት።

ከቀናት በኋላ ፍየሏ ጥላ ሥር ተኝታ መንጋጋዋን ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች።

«ሃዎ፣ አመሰኳች እኮ» አለች ናስራ።

«አየኋት።»

ሃዎ ደስ ይለኝ ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልተሰማትም።

ቁስሉ ሲጠግግ ፍየሏን እየጎተተች ወስዳ ናስራ ግቢ አሰረቻት።

«ምነው? የሰማታር ፍየል አይደለች?» አለቻት ናስራ።

«ሳልባት እጄ ይሠራል፤ እኔ ግን የለሁበትም። አንቺ ያዣት።»

ናስራ አልተከራከረችም። አሁን ፍየሏን አስራ ሣር ትቀልባታለች፤ ጠዋት ጠዋት ወተት በኩባያ ይዛ ትመጣለች። ሃዎ ተቀብላ ትጠጣለች፤ ኩባያውን አጥባ ትመልሳለች።