ዘንባባ ያልሆነው ቅጠል

«ዘሬ መጥፋቱን ልትነግሪኝ ነው በሬን ያንኳኳሽው?» አሉኝ እትዬ ጫልቱ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አዳማ ላይ፣ የሆሳዕና ሰሞን። ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እኔም አፌ አያርፍም። የእሳቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው።

አዲስ አበባ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሬ ተመለስኩና እናቴ ቤት ተጎለትኩ። ባቡሩ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ የት ልሄድ? አንድ ቀን ድንጋይ የምትለቅም ፈረንጅ ሴት ከባቡር ወረደች። አስተርጓሚ ስትፈልግ ሰዎች እኔ ዘንድ አመጧት። ድንጋይ ላይ የታተመ ቅጠል ሥዕል አሳየችኝና «እንዲህ ያለ አይተሻል?» አለችኝ።

«ጎረቤታችን ቤት አለ» አልኳት።

«የተገኘበትን ቦታ ካወቅን አንቺንም ይዤሽ እሄዳለሁ።»

ከዚህ በኋላ ማን ይይዘኛል! እየጎተትኩ እትዬ ጫልቱ ደጅ አደረስኳት።

ድንጋዩን ያመጡላቸው ባላቸው ናቸው። ከድሬዳዋ ወዲህ ሐዲድ ሲጠግኑ፣ ከተቆረጠ ኮረብታ ሥር ነው ያገኙት። በዓመቱ ወደዚያው ሥራ ተመልሰው በንዳድ ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። ልጅ አልነበራቸውም። እትዬ ጫልቱ ቅጠሉ ዘንባባ ነው ብለው ያምናሉ፤ በየሆሳዕናው እያወጡ ይስሙታል።

ፈረንጇ ድንጋዩን ተቀብላ፣ እንደ ናፈቀ ሰው ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ዘንባባ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ሰው ሳይፈጠር ገና ድሮ ከምድር ላይ የጠፋ ተክል ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ወረደ፦ «እትዬ፣ ዘንባባ አይደለም አለች። ዘሩ የጠፋ ነው።»

«ዘሬ መጥፋቱን» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

«ኧረ ቅጠሉን ነው!» ብል ማን ይሰማኛል? ድንጋዩን ከፈረንጇ እጅ ተቀብለው በነጠላቸው ጠቀለሉና ጀርባቸውን ሰጡን። በቃ፣ መንገዴ ቀረ አልኩ።

ትንሽ ቆይተው ግን ዞር አሉ። «እስቲ ጠይቂያት። አይታው የማታውቀውን ተክል ምን ብላ ናፈቀችው?»

ጠየቅኳት።  «በቅሎበት የነበረውን ቦታ ብቻ ባየው ይበቃኛል» አለች። ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

እትዬ ጫልቱ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም እኮ . . .» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቆይተው ድንጋዩን እንደማይሰጡ፣ የተገኘበትን ጣቢያ ስም ግን እንደሚያውቁት ነገሩኝ።

«መቃብሩ ከሐዲዱ በስተግራ ነው ብለውኛል። ይዞኝ የሚሄድ ሰው አጥቼ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ።»

«ታዲያ አብረን እንሂድ፣ እትዬ።»

«በየትኛው ጉልበቴ?» ብለው ሳቁ። «አንቺ ኢንታላ፣ የኔ ልጅ፣ ያ አፍሽ እዚያም ይሥራ። መቃብሩ ጋ ስትደርሺ ‹ጫልቱ አለችልህ› በይው።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴን ስሜ፣ ከፈረንጇ ጋር ባቡር ተሳፍሬ ከአዳማ ወጣሁ።