ሬይሊን የምትሳፈርበት ቤት

ቬስታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት የጀመረችው በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ባሏ ከሰል ሲቆፍር ወገቡን ከተጎዳ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከባሏ አሮጌ ፒክአፕ ሌላ መሪ ጨብጣ አታውቅም። መንጃ ፈቃዱን ያገኘችው በሦስተኛው ፈተና ነው፤ ሁለት ጊዜ የጣላት ወደ ኋላ መንዳት ነበር። አሁን ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። በምሥራቅ ኬንታኪ፣ በዚያ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ወንዙን ተከትሎ በሚጥመለመለው መንገድ ይህን ሁሉ ዓመት ስትመላለስ አንድም ልጅ አልተጎዳባትም። አንድ አጥርና ሁለት የፖስታ ሣጥን ገጭታለች፤ ለባለቤቶቹ ከፍላለች።

የአውቶቡስ ሾፌር ብዙ ያውቃል። የማን አባት ከቤት እንደወጣ፣ የትኛው ልጅ ቁርስ እንዳልበላ፣ የማን ቤት መብራት እንደተቆረጠ ከፓስተሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ቬስታ ጓንት ለሌለው ጓንት፣ ላልበላ ብስኩት ከመቀመጫዋ ሥር ትይዛለች፤ ያየችውን ግን ለማንም አታወራም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ በዚያ ሸለቆ ደግሞ ዝንቡ ብዙ ነው።

ከምታውቃቸው ነገሮች አንዱ የታላቅ እኅቷ የኦርፋ ጉዳይ ነበር። እናታቸው ስትሞት ቬስታ የስድስት፣ ኦርፋ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ። ቬስታን ያሳደገቻት ኦርፋ ናት። ኋላም በስተርጅና የሴት ልጇን ልጅ ሬይሊንን ማሳደግ ጀመረች፤ የሬይሊን አባት ሞቷል፣ እናቷ ለሥራ ብላ ኦሃዮ ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ኦርፋ በሰባ ዓመቷም የሰው ልብስ ማጠቢያ ቤት እየሠራች ልጅቷን አብልታ፣ ሹሩባዋን ሠርታ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆማ ትሸኛት ነበር።

ሬይሊን ስምንት ዓመት ሲሞላት ደረቷ መታፈን ጀመረ። ሐኪሙ የኦርፋን የከሰል ምድጃ ጢስ አትችለውም አለ። ስለዚህ የልጅቷ አክስት ትዋይላ፣ የአባቷ እኅት፣ ብርዱ እስኪያልፍ ብላ አምና በመጋቢት መጀመሪያ በጎማ ላይ ወደተሠራ ተጎታች ቤቷ ወሰደቻት። ቤቱ ከኦርፋ ቤት ሽቅብ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሞቃል። ብርዱ አለፈ። ልጅቷ ግን ሳትታፈን መተኛት ለምዳ ኖሮ እዚያው ከረመች። ኦርፋ እሑድ እሑድ ታበላታለች፤ በተረፈው ቀን፣ ሰው ሲጠይቃት፣ «ሬይሊን ደህና ናት» ትላለች እንጂ የት እንዳለች አትናገርም። ሰዉም አልፎ አይጠይቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የአውቶቡሱ ዝርዝር ላይ የሬይሊን ፌርማታ የኦርፋ ቤት ነው። እሱን ለማስለወጥ አሳዳጊ ተብላ የተመዘገበችው ኦርፋ መፈረም አለባት። ቬስታ ቅጹን ሁለት ጊዜ ወስዳላት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ኦርፋ መነጽሬ ጠፋ አለች። ከዝርዝሩ ውጭ ልጅ ማሳፈር ሾፌርን ከሥራ ሊያሳግድ ይችላል፤ ቬስታ ግን ምን ታድርግ፣ ልጅቷን መንገድ ላይ ልትተዋት ነው? በየጠዋቱ በኦርፋ ቤት ሳትቆም አልፋ ከትዋይላ በር ታነሣታለች።

በጥር ኦርፋ እንደ ወትሮዋ ሬይሊንን በእኔ ሥር የምትተዳደር ልጅ ብላ ግብሯን አስታወቀች። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ግብር ሰብሳቢው መንግሥት በየካቲት የሚመልስለት ገንዘብ ዳጎስ ያለ ነው፤ በሸለቆው ልማድ የመኪና ጎማውም የዕዳው ክፍያውም ለዚያ ወር ይቀጠራል። ኦርፋ በገንዘቡ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስተከለች። ትዋይላ በየካቲት ስታስታውቅ፣ ልጅቷ ቀድማ በሌላ ሰው ስም ገብታለች ተብሎ ወረቀቷ ተመለሰ። እሷም እልኸኛ ናትና እንደገና በፖስታ ላከችው። በመስከረም ለሁለቱም ከግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ ልጅቷ አምና ከዓመቱ ግማሽ በላይ የተኛችው እናንተ ጋ ከሆነ ማስረጃ አምጡ፣ ካልሆነ የወሰዳችሁትን ገንዘብ ከነቅጣቱ መልሱ የሚል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ትዋይላ የአውቶቡሱን በር ይዛ ቆመች።

«እትዬ ቬስታ፣ ላስቸግርዎት ነው። ትምህርት ቤቱን ወረቀት ብጠይቅ አድራሻዋ እትዬ ኦርፋ ጋ ነው አሉኝ። ክሊኒኩም እንደዚያው። ቤቴ እንደምታድር አይቶ የሚመሰክር እግዚአብሔርና እርስዎ ብቻ ናችሁ።»

«እሱ ይጻፍልሻ!»

«እሱማ ማኅተም የለው።»

ቬስታ ሳትወድ ሳቀች፤ በሩንም ዘጋች። ቀኑን ሙሉ ግን ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ብትጽፍ እኅቷን ውሸታም አድርጋ ከነጥርሷ ዕዳ ውስጥ ልትከታት ነው፤ ባትጽፍ ደግሞ ሌሊት እየተነሣች የልጅቷን ትንፋሽ የምታዳምጠው ትዋይላ ውሸታም ልትባል ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦርፋ ቤት የቦሎቄ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ቀረበ። ሬይሊን በልታ ከውሻው ጋር ወደ ወንዙ ስትወርድ ኦርፋ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«ያቺ ትዋይላ ወረቀት ጻፊልኝ አለችሽ አሉ።»

«አዎ ብላኛለች፣ እትዬ።»

«ምን ልትጽፊ ነው?»

«ከየት እንደማሳፍራት።»

«ስሚ እንጂ! ዳይፐሯን የቀየረው ማነው? መራመድ ያስተማራት ማነው? ትዋይላ ናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያስ!»

«ማን አሳደጋት አይደለም የሚሉት፣ እትዬ። አምና የት አደረች ነው የሚሉት። ሌሊት ነው የሚቆጥሩት።»

«ሌሊት!» አለች ኦርፋ። «አንቺ እናትሽ ሞታ በእኔ አልጋ ስትተኚ፣ ፍራሹን ስታረጥቢብኝ፣ ማን ሌሊት ቆጠረልኝ?»

«ማንም።»

«ታዲያ አንቺን ማን ቆጣሪ አደረገሽ? ካማራቸው ይምጡና ጥርሴን ከአፌ ነቅለው ይውሰዱ!»

ይህን ያለችው ጥርሷን ገልጣ ስለነበር ሁለቱም ሳቁ። መጀመሪያ ሳቋን ያቆመችው ኦርፋ ናት።

«ገንዘቡስ ገንዘብ ነው፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይከፈላል» አለች ዝግ ብላ። «የዚያች ልጅ ስም ከእኔ ወረቀት ላይ ከወጣ ግን የኔ አይደለችም ማለት ነው። በአፌ አልለውም፣ ቬስታ። አንቺም እንዳትይብኝ።»

ቬስታ እኅቷን ትወዳለች፤ ከባሏም አብልጣ ትወዳታለች ቢባል ውሸት አይሆንም። ሰኞ ግን ጻፈች። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፤ ሬይሊንን ከአምና መጋቢት ጀምሮ በየጠዋቱ ከትዋይላ ቤት እንዳሳፈረቻት፣ ከሰዓትም እዚያው እንዳወረደቻት ይናገራል። ማኅተም ስለሚያስፈልገው ለአውቶቡሶቹ ኃላፊ ለአቶ ራትሊፍ ሰጠችው። ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ቬስታ፣ በዚህ ወረቀት ራስሽን እየከሰስሽ መሆኑ ገብቶሻል?»

«ማንበብ እችላለሁ።»

«ጡረታሽ ስምንት ወር ሲቀረው!»

«እሱንም መቁጠር እችላለሁ።»

ማኅተሙን አደረገላት፤ አከታትሎም ተተኪ ሲገኝ የሚጀምር፣ የሠላሳ የሥራ ቀን ያለ ደመወዝ እግድ ጣለባት። ቬስታ ማታ ለኦርፋ ደውላ ጽፌያለሁ አለቻት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ ኦርፋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ሰውም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ተተኪው ዶይል የሚባል ጎልማሳ ነው። ከከተማ ስለሆነ መንገዱን አያውቅም፤ አቶ ራትሊፍም ቬስታ እግዱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን አብራው ሄዳ እንድታሳየው አደረገ። በጥቅምት ጠዋት፣ ወንዙ ላይ ጉም ተኝቶ፣ ከኋላው ያለው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጣ እዚህ ጋ ቀስ በል፣ እዚያ ጋ ግራህን ያዝ ስትለው የኦርፋ ቤት ታየ።

«እዚህ አትቁም» አለች። «ልጅቷ ያለችው ከላይ ነው።»

ዶይል ዝርዝሩን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ እርስዎን ያሳገደዎት ይኸው አይደል? እኔ ትናንሽ ሦስት ልጆች አሉኝ። ወረቀቱ ያለበት ነው የምቆመው።»

እውነቱን ነው። አውቶቡሱ ቆመ፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ በሩ ተከፈተ። ልጆቹ ሁሉ ነገሩን ስለሚያውቁ በመስኮቱ ወደ ኦርፋ በር አዩ። ዶይል ጡሩንባውን ነካ አደረገው። ቬስታ ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

የኦርፋ በር ተከፈተ። ከሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ መቃኑን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዳ አውቶቡሱ በር ድረስ መጣች።

«እንደምን አደሩ እናቴ» አለ ዶይል። «ሬይሊንን እየጠበቅን ነው።»

ኦርፋ ቬስታን አየቻት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ቬስታ ቶሎ አቀረቀረች።

«የለችም» አለች ኦርፋ።

«አሟት ነው?»

«ምን ያማታል፣ ደህና ናት። እዚህ አትኖርም።» ካፖርቷን ሰብሰብ አደረገች። «ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። የምትኖረው አክስቷ ጋ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ ግን...»

«ወረቀቱን ዛሬ ሄጄ አስተካክለዋለሁ። እዚህ የሚሳፈር ልጅ የለም። ይልቅ ቶሎ ሂድ፣ ውጭ ቆማ ነው የምትጠብቅህ፤ ብርዱ ለደረቷ ጥሩ አይደለም።»

ዶይል በሩን ዘጋ። ቬስታ በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆቹ ፊት አለቀሰች።