ያንቀላፋች ዶሮ ፈላጊው

የፋሲካ ሰሞን መርካቶ ዶሮ ተራ የመጣ ሁሉ የሰባ ዶሮ ሲያማርጥ፣ ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረው ቀጭን ሰውዬ ያንቀላፋች ይፈልግ ነበር። እያንዳንዷን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ትንፋሿን ያዳምጣል፤ ዓይኗን ገልጦ ያያል፤ ከዚያ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ዳበስ አድርጎ ይመልሳታል።

«ጋሼ፣ ሊገዟት ነው ወይስ ሊያናዝዟት?» አለችው ነጋዴዋ አስካለ። ተራው በሳቅ አውካካ።

እሱም ፈገግ አለ። «የታመመች ካለችሽ እገዛታለሁ። በቤተ ሙከራችን ደሟን መርምረን ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ መሆኑን ካወቅን ሌሎቹን እናድናለን።»

የአስካለ ሳቅ ቀጥ አለ። ጠዋት አንዷ ዶሮዋ ስታዛጋ አይታ፣ ገዢ እንዳይሸሽ የራሷን ቀይ ኩክኒ ቅባኑግ ቀብታ አሳምራታለች። ሰውዬውም «ይቺስ ደህና ናት» ብሎ አልፏታል። አሁን ብትናገር የተራው መሳቂያ ልትሆን ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ሌሎቹ አሥራ ስድስት ዶሮዎቿ ከታመመችው ጎን ታስረዋል፤ በሽታው ሊጋባባቸው ነው።

«ፈንግልን እንዴት አወቁት?» አለችው።

«የእናቴን ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ሲፈጃቸው አይቻለሁ። ያኔ የሚጠይቀን አልነበረም። ዛሬ ግን፣ ተመስገን፣ መመርመሪያ አለን።»

አስካለ በነጠላዋ ጫፍ ቅባቱን ጠርጋ ዶሮዋን አቀበለችው። «እንግዲያው ይቺን እንደገና ይዩልኝ።»

ረጅም ጊዜ አዳመጣት። «እግዜር ይስጥሽ። ሌሎቹን ቶሎ አርቂያቸው፤ ይተርፉልሻል» አለና ዶሮዋን ቅርጫት ውስጥ አስገባት። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ፣ ነፋስ እንዳይነካት፣ ቅርጫቱን አለበሰው።