ሸዋሉልና የተዛዋሪዎቹ እንስሳት

አሶሳ ውስጥ ማን እንደሚዛወር ከተዛዋሪው ቀድማ የምታውቀው ሸዋሉል ነበረች። ክልሉ ገና አዲስ ነው። ቢሮዎቹ በግለሰብ ቤት ተከራይተው፣ የበራቸው ሰሌዳ ቀለም ሳይደርቅ ሥራ ጀምረዋል። ሠራተኛው ከየአገሩ ተመድቦ ይመጣል፤ አንድ ሁለት ዓመት ይቆይና ዝውውር ይጠይቃል። ሸዋሉል ደግሞ ተላላኪ ናት። ደብዳቤውን ከመዝገብ ቤት ተቀብላ፣ በሸራ ቦርሳዋ ይዛ ትሄድና ለባለቤቱ አስፈርማ ትሰጣለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት» ትላለች፣ ሰውየው ፈርሞ ቀና ሳይል። ቀጥላም፣ «ውሻዎንስ ምን አሰቡ?»

ሰውየው ይደነግጣል። አልጋው በጭነት መኪና ይሄዳል፣ የዶሮው ቅርጫት እንኳ ከላይ ይታሰራል፤ ስለ ውሻው ግን ማን አስቦ ያውቃል? ውሻና ድመት ከግቢው ጋር እንደ አጥር ይቀራሉ። ሸዋሉል ግን አራት ጥያቄዎች አሏት። ስሙ ማን ነው? ምን ይበላል? የት ይተኛል? ምን ይፈራል? መልሱን ይዛ አዲስ ቤት ታፈላልጋለች።

ድመት አታስቸግራትም። የሰሊጥ ነጋዴው ጀዕፈር መጋዘኑን አይጥ ስለወረረው ድመት ባየ ቁጥር እጁን ይዘረጋል። አንድ ጊዜ አንዲት አስተማሪ ትታት የሄደችውን ግራጫ ድመት በዚያው በሸራ ቦርሳዋ ከትታ ወሰደችለት። የዚያን ቀን ከሰዓት ለአንድ የመምሪያ ኃላፊ የደረሰው ደብዳቤ ጥጉ ላይ አራት የጥፍር ጭረት ነበረበት። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ አየው፣ መልሶ አጠለቀውና ፈረመ።

ውሻ ግን ገበሬ ይፈልጋል፤ ማሽላውን ዝንጀሮና ከርከሮ የሚያስቸግረው ገበሬ።

በ1978 ዓ.ም. በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በአንድ አውቶቡስ አብራት ተጭና የመጣችው ጎረቤቷ የሻረግ በዚህ ሥራዋ ትስቅባታለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ለሰው ልጅ ትዳር ታገናኛለሽ ሲባል ለውሻ አገናኝ ሆነሽ ቀረሽ?»

«ውሻ ከተጋባ በኋላ ለሽምግልና አይጠራኝማ።»

«ቀልዱን ተይው። ምንሽ ነው?»

«ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ አይደለሁ? ሰውየውን ከቤቱ የሚያስነሣው ወረቀት በእኔ እጅ ነው የሄደው።»

የሻረግ ይህን መልስ አስር ጊዜ ሰምታዋለች፤ አስር ጊዜም ገርሟታል።

በ1989 ዓ.ም. ነሐሴ ግን አንድ ዝውውር ሸዋሉልን አመለጣት። ወባ ጥሏት ሦስት ቀን ተኝታ ሳለ፣ የግብርና ባለሙያው ለገሰ ወደ ደብረ ዘይት፣ ታዋቂው ሳይሆን እዚያው ክልሉ ውስጥ ወንበራ ወረዳ ወዳለው፣ ተዛወረ። ወደዚያ የሚሄድ የመንግሥት መኪና በድንገት ስለተገኘ ጠዋት ተነግሮት ከምሳ በፊት ሄደ። አራቱን ጥያቄዎች የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስሙን ብቻ ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል። ለገሰ ውሻውን «ጓዱ» ብሎ ነበርና፣ በአዲሱ ዘመን ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ግራ ቀኝ ያዩ ነበር።

ከሕመሟ ስትነሣ ከለገሰ ደጃፍ ሄዳ አመጣችው። ቀይ፣ ረጅም፣ ጆሮው የተቀደደ ውሻ ነው። ጓሮዋ ካለው ማንጎ ሥር አሰረችውና ፍትፍት ሰጠችው። አሽቶ ዞር አለ።

«ባለቤቱ ናፍቆት ነው» አለች የሻረግ።

በማግሥቱ ሽሮ፣ በሦስተኛው ቀን ከሆቴል የለመነችውን አጥንት አቀረበችለት። ምራቁ ይዝረበረባል፤ ወደ ሳህኑ ግን አንድ ጣት አይጠጋም። ሳህኑን በእጇ ይዛ ስታቀርብለት ፊቱን ያዞራል። የቢሮ ሰው ውሻ ነውና የቆርቆሮ ሳህኑን ንቆት እንደሆነ ብላ፣ ለእንግዳ ብቻ የምታወጣውን ባለአበባ ሳህን አወጣች። ውሻው የባሰውን አፈገፈገ፤ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሸቀ።

«ይሄማ ሊሞት ነው» አለች የሻረግ፣ አሁን ሳትስቅ።

ሸዋሉልን የጨነቃት ሞቱ ብቻ አልነበረም። በባምባሲ በኩል የሚያርሰው የኦሮሞ ገበሬ ነገራ በገበያ ቀን ሊወስደው ቃል ገብቶላት ነበር። ግን አስቀድሞ ተናግሯል፦ «አዴ ሸዋሉል፣ የማይበላ ውሻ አልወስድም። ሌሎቹን በሽታ ያስይዝብኛል።» ገበያው ነገ ነው። ሌላ የሚወስደው ሰው ደግሞ የለም።

በዚያ ቀን፣ በአምስተኛው፣ ዝናብ ጣለ። ሸዋሉል በሩ ላይ ቆማ ስታይ ውሻው ጣራው ካፈሰሰው ኩሬ ውሃ ይጠጣል። ክንድ ባልሞላ ርቀት፣ በጣሳ፣ ንጹሕ ውሃ ተቀምጦለታል። ጣሳውን ዞር ብሎም አላየው።

ኀዘንተኛ ሰው ውሃ ይመርጣል እንዴ?

ነጠላዋን ተከናንባ፣ በጭቃው፣ ለገሰ ተከራይቶበት ወደነበረው ግቢ ሄደች። የግቢው ባለቤት አዛውንቱ ረጀብ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው በቤታቸው በርታኛ የሚናገሩ፣ አማርኛን በገበያ የለመዱ ናቸውና ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ሸዋሉል፣ አንተ ነህ? ግባ። ዝናብ መታህ።»

«አባባ ረጀብ፣ ስለ ውሻው ልጠይቅዎ ነው።»

«ውሻ የኔ አይደለም። የለገሰ ነው።»

ከውስጥ ልጃቸው ኢቲዳል ሳቀች። «አባ፣ እዚህ ተወልዶ የለም እንዴ? ለገሰ ከቤቱ ጋር ነው የተከራየው።»

ሸዋሉል አምስት ቀን አለመብላቱን፣ ሽሮውን፣ አጥንቱን፣ ባለአበባ ሳህኑን ነገረቻቸው። ኢቲዳል ሳቋን አቆመች።

«በሳህን ሰጠሽው?»

«ታዲያ በምን ልስጠው?»

«እሱ የሰው ዕቃ አይነካም። ቡችላ ሆኖ የአባን የወተት ዕቃ ላሰ። የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ አባ ዕቃውን ሰባት ጊዜ አጠበ፣ አንዱን በአፈር። ከዚያ ጫማውን አውልቆ…» አባቷን አየች።

ረጀብ መሬት መሬት አዩ። «ወላሂ፣ እኔ ዕቃ ነው የጠበቅኩት። ተራብ አላልኩም» አሉ ቀስ ብለው። «አምስት ቀን?»

«አምስት።»

ከቤቱ ጀርባ፣ መሃሉ ገባ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጓዱ ዕድሜውን ሁሉ የበላው በዚያ ላይ ነው። ለገሰም ሲከራይ እንዲሁ ቀጥሎ ነበር። ሸዋሉል ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው፤ በምላስ ብዛት እንደ ወንዝ ጠጠር ልሟል።

«ኢቲዳል፣ ድንጋዩን ውሰድለት» አሉ ረጀብ።

ዝናቡ ሲያባራ ኢቲዳል ድንጋዩን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ሸዋሉል ከኋላዋ፣ ከተማውን አቋርጠው ሄዱ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ድንጋዩ ከማንጎው ሥር ሲቀመጥ ውሻው ተነሥቶ ቆመ። ሸዋሉል ፍትፍቱንና አጥንቱን ገለበጠችበት። ጓዱ አንድ ጊዜ ኢቲዳልን አየ። ከዚያ ገመዱ እስኪወጠር ተስቦ በላ፤ ድንጋዩን ላሰ፤ አጥንቱን ሰበረ። የሻረግ ከአጥሩ ማዶ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በማግሥቱ ነገራ ከገበያ ሲመለስ ሴት አህያውን እየነዳ መጣ። ውሻው ሲበላ ቆሞ አየ፣ ጥርሱን መረመረ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ነውር የሚያውቅ ውሻ ነው። እወስደዋለሁ።»

«ድንጋዩንም ይጨምሩ፣ ኦቦ ነገራ።»

«ድንጋይ? ኧረ አዴ፣ እኛ አገር ማረሻ የሚሰብረው ምን ሆነና!»

«ያ የእናንተ ነው። ይሄ የእሱ ነው።»

ነገራ አህያዋን አየ፣ የጨውና የሳሙና ጭነቷን አየ፣ ሸዋሉልን አየ። እያጉረመረመ ድንጋዩን አንሥቶ በአንድ በኩል ጫነ፤ እንዳያዘነብል በሌላው በኩል ጨውና ሳሙናውን አዛወረ። ገመዱን ሊይዝ ዞር ሲል ውሻው ቀድሞታል። በአህያዋ ጎን፣ አፍንጫውን ወደ ጭነቱ አንጋጦ፣ ሳይጎተት ይሄዳል።