ከናዝሬት እስከ ሻላ ዳር፦ ሙታናቸውን የማይቆጥሩት ሰዎች

ማክሰኞ ጠዋት፣ ናዝሬት

ከቤት የወጣሁት ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት ደብተሬ መሀል አጥፌ፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ረዳቱ «ሻሸመኔ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። ገብቼ ባየው ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል «አንድ ሰው» ስንጠብቅ ቆየን።

ናዝሬት ውስጥ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ እየሄድኩ ለዲግሪዬ እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የአርሲ አገር ባለፈው ክፍለ ዘመን በሸዋ ጦር ስለተያዘበት ጊዜ ነው። ጣጣው ያለው ያን ጊዜ ምን ብለን እንጥራው በሚለው ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት መምህራኖቻችን በዚህ ጉዳይ ጠረጴዛ እየደበደቡ ተከራከሩ። አንደኛው «ቅኝ ግዛት ነው፤ ግድያውም ዘር ማጥፋት ነው» አለ። ሌላኛው «አገር ማቅናት ነው፤ የትም አገር መንግሥት ሲመሠረት ደም ይፈሳል» ብሎ መለሰ። ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ካድሬ ተነሥቶ ነገሩ የመደብ ጭቆና መሆኑን ሲያስረዳን ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ግን ከቃሎቹ አንዱን መርጬ መጻፍ ነበረብኝ። አማካሪዬ «እስቲ ሂጂና ሰዎቹን ስሚ» አለኝ።

እናቴ ክርክሩ ጨርሶ አልገባትም። በር ላይ ስትሸኘኝ «አያቴ ያቀናው አገር አይደል እንዴ? ስሙን ጥሪላቸው፣ ያከብሩሻል» አለችኝ። አያቷ ከዚያ ጦር ጋር ዘምቶ መሬት ተሰጥቶት የቀረ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ጀግንነቱ ሲወራ ነው ያደግሁት።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃን ስናልፍ ሐይቁ በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። ዓለም ጤና ላይ ሴቶች ሽንኩርት በመስኮት እያስገቡ «ውሰጂ እንጂ፣ እህቴ!» ይላሉ። መቂ ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ደብተሬን ገልብጦ «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ታሪክ ነው።»

«የማን ታሪክ?»

«የአባቶቻችን» አልኩት። እሱ «እለፊ» አለኝ፤ እኔ ግን መልሴ ለራሴም አልጣመኝም።

ዝዋይ ላይ ለምሳ ቆምን። ከሐይቁ ያን ጠዋት የወጣ ዓሣ በዳጣ በላሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ ምሳ አላስታውስም። ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ ግራሩ እየበዛ ሄደ። በግራ የላንጋኖ ቡናማ ውኃ፣ በቀኝ ከሩቅ የአብያታ ዳር በወፍ ብዛት ሮዝ ሆኖ ታየን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርሲ ነገሌ ገባሁ። ቀድሞ ናዝሬት አብሮኝ ያስተምር የነበረው ከዲር እየጠበቀኝ ነበር። ማታ ባለቤቱ ፋጡማ ከልጆቿ ጋር አስተኛችኝ።

ረቡዕ፣ ቁጥሩ

ግማሹን መንገድ በእህል መኪና፣ ግማሹን በእግር ሄደን ከዲር የድሮውን ያውቃሉ ያለኝ ኦቦ ቱፋ ቤት ደረስን። ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ፣ ቀጥ ያሉ፣ ዱላቸው ከእጃቸው የማይለይ አዛውንት ናቸው። አማርኛ የተማሩት በወጣትነታቸው ነገሌ ገበያ እህል ሲሸጡ ነው። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ወሰደ። «ነጋያ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ እየተባለ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። እርጎ በጮጮ ቀረበልን።

ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ከናዝሬት» አልኩና በዚያው አለፍኩት። ቀጥዬም ደብተሬን ከፍቼ «ኦቦ፣ በዚያ ዘመን እዚህ አካባቢ ስንት ሰው አለቀ?» አልኳቸው።

ጮጮውን መሬት ላይ አኖሩ። «ሰው ይቆጠራል?» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ከዲር መንገዱን ሙሉ ተቆጣኝ። «እዚህ ቤት እንኳን ሰው ከብትም አይቆጠርም። ማታ ሲገቡ በመልካቸው ይታያሉ፣ የጎደለችው ትታወቃለች። አንቺ ደግሞ ገና ከመግባትሽ ስንት! ምን ነካሽ?» ሁለቱ መምህራን ሲከራከሩ መጀመሪያ የሚጣሉት በቁጥሩ ስለነበር እኔም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ መስሎኝ ነበር። በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ከሻላ በላይ

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ከከዲር ጋር ተመልሼ ስሄድ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ይቅርታዬን አላስጨረሱኝም። «ቁጥር የለኝም። ስም ከፈለግሽ ነይ» ብለው ከፊት ከፊት ሄዱ።

ኮረብታው ላይ ስንወጣ ሻላ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ውኃው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ከዳርቻው የፍል ውኃው እንፋሎት ይነሣል፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን አነሡ።

«እዚያ፣ ያ ግራር ጋ፣ የዋቆ ቤት ነበር። ዋቆ፣ ሚስቱ ሎኮ፣ ጡት ያልጣለች ልጃቸው ጫልቱ። ያን ጠዋት የታለበችው ላም ቡሬ። ከሱ ቀጥሎ የጅሎ ቤት...»

ከቤት ወደ ቤት፣ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ዱላቸው ሄደ። ባልና ሚስት፣ ልጅ፣ እንግዳ ሆኖ ያደረ፣ የቤቱ ላም። አባታቸው ልጅ ሳሉ ጦሩ የመጣ ቀን ደንገል ውስጥ ተደብቀው የተረፉ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ያስጠኗቸው እሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ ስም ዘለው ሦስት ቤት ወደ ኋላ ተመለሱና እንደገና ጀመሩ። የቀትር ሶላታቸውን ሰግደው ቀጠሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገና አልጨረሱም። እጄ ዝሎ መጻፌን ተውኩ። ብዙ መዝገብ አገላብጫለሁ፣ እንደዚህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ባዶ መስሎኝ የነበረው ሜዳ በፊቴ መንደር ሆነ። ማልቀሴን ያወቅሁት ደብተሬ ሲረጥብ ነው።

ሲጨርሱ ስለ ሁለቱ መምህራን ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«እኛ ዘንድ ሰው ሰው ሲገድል ጉማ አለ» አሉ። «የደም ካሣ ማለት ነው። ካሣው ግን ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የገዳይ ወገን ይመጣና ‹ያደረግነው እኛ ነን› ይላል። ያ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ሐዘንም አይነሣም። እነዚያ አስተማሪዎች የሚከራከሩት የማን ወገን ሆነው ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

ከዲር ቀስ ብሎ ክንዴን ነካኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ከተናገርኩ ሰውዬው ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ጽሑፌም በዚያው ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ግን ያን ሁሉ ስም በጆሮዬ ሰምቼ መዋሸት አቃተኝ። ቆሜ፣ «የእናቴ አያት ከጦሩ ጋር መጥቶ ነበር። እዚህ ይሁን ሌላ ቦታ አላውቅም። ቤታችን በጀግንነት ነው የሚነሣው» አልኩ።

ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ከዚያ «ተቀመጪ» አሉኝ።

ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር፤ አላሉኝም። «ብቻሽን አይሆንም» አሉ። «ጉማ በወገን ነው የሚመጣው፣ የቤቱ ታላቅ ከፊት ሆኖ። እናት አለችሽ?»

«አለች።»

«ንገሪያት።»

ዓርብ፣ ወደ ቤት

በመልሱ ጉዞ ከመስኮቱ ሳየው የነበረው አገር ስመጣ ያየሁት አገር አይመስልም። በየግራሩ ሥር ቤት ይታየኝ ነበር። የመምህራኖቼን ክርክር አልናቅሁም። የተፈጸመውን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል፣ እኔም ጽሑፌ ላይ ሳልፈራ እጠራዋለሁ። ግን እስከዚያ ቀን ነገሩን እንደ ፈተና ጥያቄ፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነበር የያዝኩት። የእኔም ቤት ጉዳይ መሆኑን የተማርኩት ሻላ ዳር ነው።

ለእናቴ ያን ማታውኑ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «አያቴን ነፍሰ ገዳይ ልታደርጊብኝ ነው የሄድሽው?» ብላ ተነሥታ ገባች። ቅዳሜን ሙሉ አላናገረችኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስሞቹን በንጹሕ ወረቀት እየገለበጥኩ አገኘችኝ። ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንብቢልኝ» አለች።

የዋቆን ቤት አነበብኩላት። የጅሎን ቤት አነበብኩላት። ሦስተኛው ላይ እጇን አንሥታ አስቆመችኝና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«ከመኪናው ወርዶ በእግር ብዙ ያስኬዳል?» አለችኝ። «ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።»