የአባ ጥርስና የእኔ ቅናት

«አጠገብሽ እያለች ለምን እሷን አልጠየቅሻትም?» አለኝ የክፍላችን ኃላፊ።

ደባርቅ ያለ አንድ ክሊኒክ ጥርስ ክፍል ከገባሁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር። «እሷ» የሚላት አብራኝ ተመርቃ እዚሁ ክፍል የምትሠራ የቄስ ልጅ ናት። በሽተኛው ሁሉ እሷን ይመርቃል፤ እኔን ግን አመስግኖኝ እንኳ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ቄስ መንጋጋቸውን ይዘው እኔ ጋ መጡ። «ዱሮ ዳባት ማደንዘዣ ቢወጉኝ ወደቅሁ» አሉኝ። ካርዳቸው ላይ አለርጂ ብዬ ጻፍኩ። ላማክራት አሰብኩና ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። «አባ፣ እኛ ጋ የሚሆንዎ ማደንዘዣ የለም፤ ጎንደር ይሂዱ» ብዬ ሸኘኋቸው። በዚያ ሕመም ሚኒባስ ሊሳፈሩ ሲወጡ በሩ ላይ እሷ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ያኔ ሰውነትዎን ሽፍ አለዎት? ከንፈርዎ አበጠ?»

«ኧረ የለም ልጄ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ እንጂ።»

«እህል ቀምሰው ነበር?»

«ምን እህል! ፍልሰታ አልነበር እንዴ!»

ለካ የጣላቸው ባዶ ሆድና ድንጋጤ ነው። ቁርስ አስበላቻቸው፤ አስተኝታ ያንኑ እኔ የከለከልኳቸውን ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ ወጋቻቸውና ጥርሱን ነቀለችው። «ወልደሽ ሳሚ!» አሏት፣ አፋቸው በጥጥ እንደተሞላ። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

ኃላፊው ደግሞ ጠየቀኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር።

«ብጠራት የምትመረቀው እሷ ናት» አልኩት። «ቀንቼባት ነው።»