ሦስት ጊዜ የተጻፈ አንድ ምርጫ

ሥራው የተሰጠኝ ከሁሩታ ወደ አሰላ ተዛውሬ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ዳይሬክተራችን ቢሮው አስጠርቶ አንድ ወፍራም ደብተር ሰጠኝ።

«የስምንተኛ ክፍል ልጆች በየዓርቡ ከሰዓት ሥራ ቦታ ወጥተው እንዲያዩ ተወስኗል። ተቀባዮቹን አንቺ ፈልጊ» አለኝ።

«ለምን እኔ?»

«ሰው አታፍሪማ!»

እውነቱን ነው፣ አላፍርም። ግን አሰላ ውስጥ ያኔ በደንብ የማውቃቸው አከራዬንና ፀጉር ሠሪዬን ብቻ ነበር።

የሥራ መሣሪያዬ ደብተሩ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤና እግሬ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ደብዳቤውን እያስቀደምኩ ገባሁና ሁሉም ፊቱን አጠቆረብኝ። ነጋዴ ማኅተም ሲያይ ግብር የመጣበት ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ቀን ባዶ እጄን ሄጄ ሰላምታና ወሬ ብቻ፣ ደብዳቤው በሁለተኛው ቀን ሆነ። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት፣ «ልጆቹ መጥተው ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይተው ይሄዳሉ።»

«ዳቦ ቤት ገብቶ አይቶ ብቻ የሚወጣ ልጅ የት አገር ነው ያለው?» አለችና ሳቀች። አሥር ልጅ ተቀበለችኝ። በየዓርቡም ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዳቦ እያስያዘች ነበር የምትሸኛቸው።

ከሁሉም የምወደው በበቆጂ መውጫ ያለውን የኮምባይነር ግቢ ነበር። ክረምቱን የቆሙት የስንዴ ማጨጃዎች እዚያ ይፈታሉ፣ ይጠገናሉ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ አዝመራው ይወጣሉ። ዋናው መካኒክ ጋሽ ከድር ይባላሉ። ዕድሜያቸው ስድሳን ተሻግሯል፤ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ ነው።

ልጆቹን ለጉብኝት የወሰድኩ ቀን ጋሽ ከድር አንዱን ኮምባይነር አስነሡና ሁሉንም ዓይናችሁን ጨፍኑ አሏቸው።

«ምን ትሰማላችሁ?»

ልጆቹ ተሳሳቁ። አንዱ «ጩኸት!» አለ። ሀዊ የምትባል ቀጭን ልጅ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ወደ ቀኝ ዘረጋች።

«በዚህ በኩል የሆነ ነገር ይንሸራተታል» አለች።

ጋሽ ከድር ሞተሩን አጥፍተው በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ከፈቱ። ማሽኑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቶ ነበር። ሆን ብለው ያላሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ኮቱ!» ብለው ወደ ማሽኑ አስጠጓት። ልጄ፣ ነይ ማለታቸው ነው። ቺንጋው እንዴት እንደሚወጠር አሳይተው መፍቻ አስያዟት። ስንወጣ ልጅቷ እጇን አልታጠበችም።

በማግሥቱ ቅጽ አስሞላሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ምርጫ ይጽፋል፤ ምደባውን እኔ አወጣለሁ። ያወጣሁትም መምህር ሁሉ እንደሚያወጣው ነው፦ በክፍል ደረጃ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት ሆስፒታልና ባንክ፣ ከታች ያሉት ጋራዥና ዳቦ ቤት። ነገሩ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ስለሆነ ምደባ መሆኑን እንጂ ፍርድ መሆኑን አላስተዋልኩም።

ሀዊ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ቅጿ ላይ አንደኛ ምርጫ ኮምባይነር፣ ሁለተኛ ምርጫ ኮምባይነር፣ ሦስተኛ ምርጫ ኮምባይነር ይላል። አይቼ ሳቅሁ። ቅጹ አልገባትም ብዬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ መደብኳት። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ነበር።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ እኔ ሆስፒታል ነው የደረሰኝ?»

«አዎ። ለአንደኛ የሚገባው እሱ ነው።»

«እሺ» አለች።

መምህር ሆኖ የኖረ ሰው የልጅን «እሺ» ዓይነት ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን ግን እጄ ላይ ሌሎች ስሞች ነበሩ፤ ቸኩዬም ነበር።

በሦስተኛው ዓርብ የመደብኳቸውን ልጆች ለማየት ወደ ኮምባይነሩ ግቢ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ከሰላምታው ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ እሷ ነው።

«ያቺ ጆሮ ያላት ልጅ የታለች?»

የመሣሪያ ቤቱ በር አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ቱታ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። እጅጌዋና እግሯ አጥሮ ተሰፍቷል። ባለቤታቸው ናቸው ያሳጠሩላት።

«ጋሽ ከድር፣ እሷ እኮ አንደኛ ናት። ሆስፒታል ላክናት» አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ለኔ ታዲያ ስንተኛዋን ነው የምትልኪልኝ፣ መምህርት?»

«በሚቀጥለው ዓርብ ራሴ ይዣት እመጣለሁ፣ ይጠብቁኝ» ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሀዊን ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ነበር የምትሄደው። ግቢው ባዶ ነበር። የቆላው ስንዴ ፈጥኖ ደርሶ ማሽኖቹ ረቡዕ ሌሊት ወጥተዋል። መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታና የጎማ ፈለግ ብቻ ቀርቷል። ዘበኛው፣ «ጋሽ ከድር እስከ ዓርብ ሊጠብቋችሁ ነበር፤ አዝመራው አልጠበቀም። የልጅቷ ቱታ ውስጥ ተቆልፎበታል» አለን።

«መቼ ይመለሳሉ?» አለች ሀዊ።

«በቆጂ ሲጨርሱ። የካቲት ይሆናል።»

የጎማውን ፈለግ እስከ አስፋልቱ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። በየካቲት እኛ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጥናት ላይ ነበርን፤ የዓርቡ ፕሮግራም ተዘግቷል። በዓመቱ እሷ ዘጠነኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያው ሥራ ቆየሁ። ምደባውን በደረጃ ማውጣት ተውኩ። ብዙ ልጆች በሄዱበት ቀንቷቸው አይቻለሁ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት ሲሆን እግሬ ቤት አልቀመጥ ይለኛል። ልጆቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ሲንጫጩ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት «ዛሬ ስንት አመጣሽብኝ?» ስትለኝ ይናፍቀኛል። የኮምባይነሩ ግቢ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ጋሽ ከድር አቦምሳ ልጆቻቸው ዘንድ ገብተዋል አሉ። በግቢው በር ሳልፍ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ፤ ምንም የለም።

ባለፈው ወር ስኳሬን ለመለካት ሆስፒታል ሄድኩ። ላቦራቶሪው ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ደም የሚያሽከረክረው ማሽን ላይ መዳፏን አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች።

«የሚዞርበት ኩሽኔታ ሊበላሽ ነው፤ አጥፉት» አለች ለባልደረቦቿ። ከዚያ ዞር ስትል አየችኝ። «ቲቸር!»

ተቃቀፍን። ደሜን ስትቀዳ መርፌው አልተሰማኝም።

«ሥራሽን ትወጂዋለሽ፣ ሀዊ?»

«እወደዋለሁ» አለች። ቱቦው ላይ ስሜን ጻፈች። «ማሽን ሲበላሽ ግን ይበልጥ እወደዋለሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ ያቺ ቱታ የት ደረሰች?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነትም አላውቅም።

ደብተሩን ለተረከበችኝ ወጣት መምህርት የነገርኳት ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ልጅ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ከጻፈ፣ ቅጹ በደንብ ገብቶታል።